ማሳሰቢያ ለጫጫ ነዋሪዎች፦ የጤና ባለሙያ ደጃችን ስትደርስ

ይህ ማሳሰቢያ ከጽሕፈት ቤት የወጣ ትእዛዝ አይደለም፤ ከጎረቤት ለጎረቤት የሚነገር ነው። በየሰፈራችን አራስ አለች፤ ከአልጋ የዋሉ አባት አሉ፤ ደም ግፊት የያዛቸው እናት አሉ፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመረ ወጣት አለ። እነዚህ ሁሉ በየጊዜው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል እየተመላለሱ ሊታከሙ አይችሉም፤ ሁልጊዜም አያስፈልጋቸውም።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎች መድቦ፣ ጤና ኬላ አቋቁሞ፣ ቤት ለቤት የሚደረግ ክትትልን አስለመደን። ብዙዎቹ ከዚያው አካባቢ የተመረጡ፣ 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁና ለአንድ ዓመት ያህል የሠለጠኑ ልጆቻችን ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ በከተሞች ነርሶች ለዚሁ ሥራ ተመደቡ። እኛ ከአስፋልቱ ዳር የምንኖረውም፣ በአንጎለላና ጠራ ገጠር ቀበሌዎች ያሉት ወገኖቻችንም ከዚህ አገልግሎት ድርሻ አለን።

አንድ ነገር ግን እንወቅ። አንድ ጤና ኬላ የታሰበው ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ ነው። ባለሙያዋ እኛ ቤት የምትቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሌላው ቀንና ሌሊት የእኛ የአስታማሚዎቹ ነው። እኛ ቤት በከንቱ ያለፈ ጊዜ ደግሞ ከሌላ በሽተኛ ተራ ላይ የተወሰደ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

ምን እንጠብቅ?

እንጠብቅ፦

- ምክርና ክትትል፤ ዋናው ሥራዋ በሽታው ሳይብስ መድረስ ነውና።
- በቤተሰብ ማህደር ላይ መመዝገብን፤ ዛሬ የተጻፈው ለሚቀጥለው ጉብኝት መነሻ ስለሚሆን።
- ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ውኃና ስለ ማድቤት ጭስ መጠየቅን፤ ልጆቻችንን የሚያሳምመው አንዳንዴ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ስለሆነ።
- ወደ ጤና ጣቢያ መላክን፤ ሪፈር መጻፏ ሥራዋን ማወቋ እንጂ መሸሿ ስላልሆነ።
- ነፃ ጉብኝት፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤት ስለመጣች የምታስከፍለው ገንዘብ የለምና።

አንጠብቅ፦

- በመጣች ቁጥር መርፌ ወይም ግሉኮስ፤ መርፌ ያልወጋ ሁሉ አላከመም ማለት አይደለምና።
- የሐኪምና የላቦራቶሪ ሥራ፤ በትከሻዋ ባንጠለጠለችው ቦርሳ ራጅ ስለማይያዝ።
- በየቀኑ መምጣትን፤ የሚጠብቋት ቤቶች ብዙ ናቸውና።
- በጨለማ ብቻዋን መጓዝን፤ እሷም የሰው ልጅ ናትና። ማታ ከባድ ነገር ከገጠመን አምቡላንስ እንጥራ።

ከመምጣቷ በፊት

እናድርግ፦

- ውሻችንን እንሰር፤ እሷን ከነከሰ የሰፈሩ ሁሉ ቀጠሮ ይስተጓጎላል።
- የክትባት ካርድ፣ የእናት ካርድ፣ የሆስፒታል ወረቀትና የጤና መድን ደብተር በአንድ ፌስታል እናስቀምጥ፤ ፍለጋው ጉብኝቱን እንዳይበላው።
- በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የሀበሻውንም ጭምር፣ አውጥተን እናሳይ፤ አንዱ ከሌላው ጋር ሊጣላ ይችላልና።
- በሽተኛውን ቀን ከሌሊት የሚያስታምመው ሰው ይገኝ፤ ስንት ጊዜ እንዳስመለሰው፣ ምን ያህል እንደበላ የሚያውቀው እሱ ነውና።
- ጥያቄያችንን ለተማሪ ልጆቻችን ነግረን እናስጽፍ፤ ባለሙያዋ ከሄደች በኋላ የሚታወሰን ይበዛልና።
- እርሻ የማንወጣበትን ቀን እንንገራት፤ በወሩ በ21 ማርያም ወይም በ23 ጊዮርጊስ ብትመጣ አባወራውንም እማወራዋንም ታገኛለች።

እንተው፦

- በር ዘግተን በልጅ አፍ «ሰው የለም» ማስባልን፤ ያን ሁሉ ዳገት የወጣችው ለእኛ ነውና።
- ቤቱ ስላልተስተካከለ በሽተኛውን ጓዳ መደበቅን፤ የመጣችው በሽተኛውን ልታይ እንጂ ቤታችንን ልትታዘብ አይደለምና።
- ለእሷ ድግስ ማሰናዳትን፤ ቁጭ ባለች ቁጥር ቀጣዩ ቤት ይመሽበታል።

ቤታችን ከገባች በኋላ

እናድርግ፦

- ለእጇ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና እናቅርብ፤ ከሌላ በሽተኛ ቤት መምጣቷ ይሆናልና።
- ከበሽተኛው ጋር ለብቻቸው እንተዋቸው፤ በሰው ፊት የማይነገር ሕመም አለና።
- ሴት ስለ ራሷ ራሷ ትናገር፤ ባል ወይም አማት ሲመልሱላት ሕመሟ ተድበስብሶ ይቀራል።
- መድኃኒት አቋርጠን ከሆነ አቋርጠናል እንበል፤ በውሸት ላይ የተሰጠ ምክር ይጎዳል።
- የነገረችንን በራሳችን ቃል መልሰን እንንገራት፤ የተሳሳትነውን እዚያው ታርመናለች።

እንተው፦

- በይሉኝታ ሳይገባን «እሺ፣ እሺ» ማለትን፤ የሚወሰደው መድኃኒት እንጂ እሺታችን አይደለምና።
- ጎረቤት ለቡና ጠርቶ ምርመራውን እንደ ወሬ መስማትን፤ የሰው ገመና መሸሸጊያው ቤቱ ነውና።
- ጠላና አረቄ «በሞቴ» ብሎ ማስገደድን፤ ከእኛ ቀጥላ የምትመረምረው ሕፃን ነውና።
- እገሌ ቤት ምን እንዳለ መጠየቅን፤ የእነሱን ምስጢር ካወጣች የእኛንም ታወጣለች።

አራስ ቤት

እዚህ ላይ ረዘም እንበል፤ ብዙ ጥፋት የሚደርሰው በፍቅር ነውና። የጫጫን ብርድ ማንም አይነግረንም። ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጩ ሣሩን ነጭ ሲያለብሰው አራሷን ለማሞቅ በር ጠርቅመን ከሰል ወይም ኩበት እናነዳለን። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲነድ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፤ እናትና ልጅን በእንቅልፋቸው ይዟቸው ሊሄድ ይችላል። የኩበት ጭስ ደግሞ የጨቅላውን ሳንባ ይጎዳል።

ሌላው የክትባቱ ነገር ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ብዙ ቤት እስከዚያው አራስና ልጅ ከደጅ ባይወጡ ይመረጣል። ክትባቱ ግን ከውልደት ጀምሮ አለ፤ ቀጣዩ ዙርም በ45 ቀን ነው። ስለዚህ በልማዱ ምክንያት ክትባቷ የሚዘገየው በተለይ የሴት ልጃችን ነው።

እናድርግ፦

- ልጅ በተወለደ ዕለት ለጤና ኬላ እንንገር፤ የመጀመሪያው ቀን፣ 3ኛው ቀን፣ 7ኛው ቀን አካባቢና 6ኛው ሳምንት እናትና ልጅ የሚታዩባቸው ጊዜያት ናቸውና።
- ጨቅላውን ከእናቱ ገላ ጋር አጣብቀን በጋቢ እንሸፍን፤ የእናት ገላ ያለ ጭስ ያሞቃልና።
- ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለን፣ ስናስገባው መስኮት ገርበብ አድርገን፣ ከመኝታ በፊት እናውጣው፤ የሚገድለው የምናየው ጭስ ብቻ አይደለምና።
- እንገሩን እናጥባ፤ የልጁ የመጀመሪያ መከላከያ እሱ ነው።
- በ45 ቀን ቀጠሮ ልጅቷን እናስከትብ፤ ጤና ኬላ መሄድ ክርስትናዋን አያጓድልም።

እንተው፦

- ጨቅላን ቅቤ ማስዋጥን፤ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋልና።
- እትብት ላይ ቅቤ፣ ዓመድ ወይም እበት ማድረግን፤ ቁስሉ የመንጋጋ ቆልፍ መግቢያ ይሆናል።
- በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ማጠብን፤ ብርዱ ጨቅላውን ቶሎ ይጎዳዋል።
- «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት ጉንፋን ይዞን መግባትን፤ ምርቃቱ ከደጅም ይሰማል።
- ሕፃኑን በየተራ መሳምን፤ የእኛ ቀላል ሳል ለእሱ ከባድ ነውና።

የታመመ ሕፃን

ተቅማጥና የሳንባ ምች ብዙ ሕፃናት የሚጎዱባቸው ሕመሞች ናቸው። ሁለቱንም ጤና ኬላ ላይ ማከም ይቻላል፤ ባለሙያዋ የሕፃኑን ትንፋሽ በደቂቃ የምትቆጥረውም ለዚህ ነው። ከ2 ወር በታች 60፣ ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት 50፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው ትላለች።

እናድርግ፦

- ተቅማጥ ሲጀምረው ኦአርኤስ እንስጥ፤ የሚገድለው የውኃ እጥረቱ ነውና።
- አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ እንበጥብጥ፤ ከበዛም ካነሰም ጥቅሙ ይጓደላል።
- ዚንኩን ለ10 ቀን እንጨርስ፤ ተቅማጡ ቢቆምም አንጀቱ ገና እያገገመ ነውና።
- ጡትና ምግብ እንቀጥል፤ የታመመ ልጅ ከጤነኛው ይልቅ ጉልበት ያስፈልገዋል።
- ሸዋ ሮቢት ወይም ሌላ ቆላ ከርሞ የመጣ ልጅ ካተኮሰው የነበረበትን እንናገር፤ ደጋ ላይ የወባ ነገር ቶሎ አይታሰብምና።

እንተው፦

- የተበጠበጠ ኦአርኤስ ከ24 ሰዓት በላይ ማሳደርን፤ ይበላሻልና።
- ግግ ማስቧጠጥን፣ እንጥል ማስቆረጥን፤ የደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል።
- ለጎረቤት ልጅ የታዘዘን ሽሮፕ መዋስን፤ መጠኑ የሚሰላው በልጁ ዕድሜና ክብደት ነው።

ረጅም ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት

የሳንባ ነቀርሳ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው። በሽተኛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሻለዋል፤ መብላት ይጀምራል፤ «ድኛለሁ» ይላል። ብዙዎች የሚያቋርጡትም እዚህ ላይ ነው። ያቋረጠ ሰው በሽታው መድኃኒት ለምዶ ሊመለስበት ይችላል፤ ያንን የለመደ በሽታ ለልጁና አብሮት ለሚያመሽ ጓደኛው ያስተላልፋል። ደም ግፊትና ስኳርም ባይተላለፉ እንኳ ዝምታቸው ያታልላል፤ ምንም ሳያሳምሙ ቆይተው አንድ ቀን ቤተሰቡን ሁሉ አስታማሚ ያደርጋሉ።

እናድርግ፦

- የነቀርሳ መድኃኒት ሲዋጥ የሚያይ አንድ ሰው ከቤታችን እንምረጥ፤ ብቻውን የሚታገል ሰው ይደክማልና።
- መስኮት እንክፈት፣ ሲያስል አፉን ይሸፍን፤ የተዘጋ ቤት በሽታውን ያጠራቅማል።
- አብረውት የሚኖሩትን ሕፃናት እናስመርምር፤ ቀድመው የሚያዙት እነሱ ናቸው።
- መድኃኒቱ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው እንንገራት፤ መንገድ መቼ እንደሚዘጋ አይታወቅም።
- ኢንሱሊን ከውርጭና ከእሳት አርቀን እናስቀምጥ፤ አንዴ በረዶ ከሆነ ወይም ከጋለ አይሠራምና።

እንተው፦

- ግፊቱ ወረደ ብሎ ክኒን ማቆምን፤ የወረደው ስለተዋጠ ነውና።
- የራስን ክኒን ለጎረቤት ማካፈልን፤ ቸርነቱ ሁለት ሰው ያሳምማል።
- የነቀርሳ በሽተኛን ከማዕድ ማራቅን፤ በሽታው በትንፋሽ እንጂ በሰሐን አይተላለፍም።
- ለጠበል ብሎ መድኃኒት ማቋረጥን። ሸንኮራ ዮሐንስም እንሂድ፣ ጻድቃኔ ማርያምም እንክረም፤ ክኒኑን ግን ይዘን እንሂድ። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋልና።

ከአልጋ የዋለ ሰው

ስትሮክ የመታቸው፣ ዳሌያቸው የተሰበረ፣ በካንሰር የሚሰቃዩ ወላጆቻችንን የምናስታምመው ቤት ነው። ጥሩም ነው። ግን ከአንድ ሰው ትከሻ ላይ፣ ብዙ ጊዜም ከአንዲት ሴት ልጅ ትከሻ ላይ፣ ስንጭነው ሁለት በሽተኛ እናፈራለን።

እናድርግ፦

- በየሁለት ሰዓቱ እናገላብጣቸው፤ የመኝታ ቁስል ከወጣ መዳኛው ረጅም ነውና።
- ተረከዝ፣ ዳሌና ወገባቸውን በየቀኑ እንይ፤ ቀይ ሆኖ የቀረ ቆዳ የቁስል መጀመሪያ ነው።
- ቀና አድርገን በትንሽ በትንሹ እናጉርሳቸው፤ ተንጋሎ የዋጠ ሰው ትን ይለዋል።
- ሕመሙ ሲጠና ማስታገሻ እንጠይቅ፤ በስቃይ መክረም ግዴታ አይደለምና። በአዲስ አበባ እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ያሉ ድርጅቶች የማይድን በሽታ ያለባቸውን በቤታቸው እየጎበኙ ስቃያቸውን ያቀልላሉ፤ እኛም ሆስፒታል ስንሄድ ስለዚህ እንጠይቅ።
- አስታማሚዋን በሳምንት አንድ ቀን እንተካት፤ እሷ ከወደቀች ሁለቱም ይወድቃሉ።

እንተው፦

- በፊታቸው «አይተርፉም» ማለትን፤ ባይናገሩም ይሰማሉና።
- አፋቸው ካልተከፈተ በግድ ማጉረስን፤ ፍቅራችን ያንቃቸዋል።
- ቁስል ላይ ቅጠልና ቡና መነስነስን፤ ባለሙያዋ የምታጥበው ቆሻሻ ይጨምራል።
- አስታማሚዋን ከትምህርት ማስቀረትን፤ የአንዱ ሕመም የሌላውን ዕድል መብላት የለበትም።

ከፍለን የምናስመጣው ነርስ

አንዳንዶቻችን ቁስል የሚያጥብ ወይም የታዘዘ መርፌ የሚወጋ ሰው በክፍያ እናስመጣለን። ይህ ነውር የለበትም፤ ጥንቃቄ ግን ይሻል።

እናድርግ፦

- የሙያ ፈቃድና መታወቂያ እንጠይቅ፤ እውነተኛው ባለሙያ ቅር አይለውም።
- ማዘዣውን እናሳይ፤ ያልታዘዘ መድኃኒት ሊወጋ አይገባምና።
- ከአሁን ቀደም የትኛው መድኃኒት እንዳልተስማማን አስቀድመን እንንገር፤ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ያልተስማማውን ሰው ሊገድል ይችላል።
- ዋጋውንና የሚመጣበትን ቀን አስቀድመን እንነጋገር፤ ኋላ መቀያየም በሽተኛውን ያለ ተንከባካቢ ያስቀረዋል።
- ያገለገለ መርፌን ክዳን ባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ዕቃ አጠራቅመን ለጤና ጣቢያ እንመልስ፤ ሜዳ ላይ የሚያገኙት ልጆቻችን ናቸውና።

እንተው፦

- በሰፈር «እጁ ቀላል ነው» ተብሎ ብቻ ማስወጋትን፤ ችግር ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ አናውቅምና።
- አንድ መርፌ ለሁለት ሰው መጠቀምን፤ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ በዚያ ይተላለፋሉ።
- መርፌና የቁስል ጨርቅ ወደ ጫጫ ወንዝ መጣልን፤ ከታች ያለው ወገናችን ከብቱን ያጠጣበታል።

ቤት የማይጠበቅ ምልክት

እነዚህ ሲታዩ ቀጠሮ አንጠብቅ፤ ባለሙያዋ እስክትመጣም ሰዓት አንቁጠር።

- አራሷ ደም ከፈሰሳት፣ ካተኮሳት፣ ራሷን አጥብቆ ካመማት ወይም ካንቀጠቀጣት፤ ደም የሚጠብቀው ሰዓት የለምና።
- ጨቅላው ጡት ካቆመ፣ ከቀዘቀዘ፣ ካተኮሰው ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ፤ ሕፃን ቶሎ ይደክማልና።
- ፊት ከተጣመመ፣ አንድ ጎን ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ፤ የስትሮክ ሕክምና የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነውና።
- የስኳር በሽተኛ ከፈዘዘ ወይም ራሱን ከሳተ፤ ብዙ መጠበቅ አንጎሉን ይጎዳዋል።

የአምቡላንስ ስልክ ቁጥር ዛሬውኑ ከጤና ኬላው ጠይቀን ከበር አጠገብ በትልቁ እንጻፍ፤ በጭንቀት ሰዓት ቁጥር የሚፈልግ ሰው ይርበተበታል። አምቡላንሱ ከማይገባበት ጭቃ ሰፈር የምንኖር ደግሞ ቃሬዛ የሚሸከሙ ወጣቶችን ከወዲሁ እንወስን።

ቅሬታና ምስጋና

ባለሙያዋ ካልመጣች ወይም አገልግሎቱ ካልጣመን በቡና ላይ ከማማት ይልቅ ለራሷ፣ ካልሆነ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ ከዚያም ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት እንንገር፤ ሐሜት ለሚቀጥለው በሽተኛ መድኃኒት አያመጣም። መልካም የሠራችውንም በስብሰባ ላይ ስሟን ጠርተን እናመስግን፤ የተመሰገነች ባለሙያ ከእኛ ጋር ትቆያለች።

ለዕድራችን የቀረቡ ሦስት ነገሮች

ዕድራችን ለቀብር የሚያስተባብረንን ያህል ለበሽተኛም ያስተባብረን። ስለዚህ በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ እነዚህን ሦስቱን በአጀንዳ እናስይዝ።

1. በየሰፈሩ ከአልጋ የዋሉትንና አራሶችን ለጤና ኬላ የሚያሳውቅ አንድ ሰው እንምረጥ፤ ያልታወቀ በሽተኛ አይጎበኝም።
2. አስታማሚ የሚያሳርፉ ተረኞች እንመድብ፤ ተራው ነገ ለእኛም ይደርሰናል።
3. የጤና መድን መዋጮ ያቃተውን ጎረቤት እንርዳ፤ ሪፈር የተጻፈለት ሰው ገንዘብ አጥቶ ቤቱ እንዳይቀር።

ሦስቱንም ለመጀመር የማንም ፈቃድ አያሻንም፤ ያለን ሕዝብ፣ ያለን ዕድርና ያለችን ባለሙያ ይበቁናል።